ከኢንተርኔት የምናወርዳቸውን ካርታዎች ስለመጠቀም

ሰላም ውድ የድሬዳዋና የሐረር ቀያሾች፣

በነጻ የሚገኘውን የሳተላይት መረጃ ለመሬት ሥራችን በደንብ እንጠቀምበት። የሴንቲኔል 2 (የአውሮፓ የምድር ቅኝት ሳተላይት) ምስል በየ5 ቀኑ ገደማ ይታደሳል፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር አዲስ ግንባታ ሲስፋፋ ቶሎ እናያለን። የሐምሌ 1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ላየች ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ፒክስል (የምስሉ ትንሹ ነጥብ) መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ ግን ወሰን አይለካበትም፤ ለከተማ ይዞታ ምዝገባ መስክ መውጣት የግድ ነው።

አደራ፣ ካርታ ከማነባበራችሁ በፊት ዳተሙን፣ ማለትም የቦታ ልኬቱ የተነሳበትን መነሻ ሥርዓት፣ እዩ። አዲንዳን በሚባለው የቀድሞ ዳተም የተሠራ የቆየ ካርታ ሳይቀየር ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84 ከተሠራ ካርታ ጋር ከተነባበረ ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል፤ የአንዱ ግቢ ሌላ ሰፈር ላይ ይወድቃል። 42ኛው ኬንትሮስም በሁለቱ ከተሞች መሃል ያልፋል፦ ድሬዳዋ በዩቲኤም (ምድርን በ6 ዲግሪ ስፋት ዞኖች በሚከፍለው የካርታ ሥርዓት) ዞን 37፣ ሐረር በ38። ያወረዳችሁት ፋይል በየትኛው ዳተምና ዞን እንደተሠራ ሳታረጋግጡ አታገናኙት።