እማዬ፣ ዘንድሮ ድፎውን እኔ ልድፋው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባ ድሮ ለአጎቴ ደብዳቤ ሲያጽፈኝ እንዲህ ነበር የሚያስጀምረኝ አይደል፣ ግማሹ ወረቀት በሰላምታ ያልቅና ዋናው ጉዳይ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ይታጨቃል። በቴሌግራም የጻፍኩልሽ በስልክ ልነግርሽ ስል ሁሌ «አብሽር ደህና ነኝ፣ በል ካርድህን አትጨርስ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው፣ በኢንተርኔት ነው የምደውለው ካርድ የለውም ብልሽ መቼ ታምኚኛለሽ። የምታነቢላት የእህቴ ልጅ ደሞ እባክሽ የኔ ቆንጆ አንድም ነገር ሳታስቀሪ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፣ ሻንጣዬ ውስጥ ላንቺም የሚሆን ነገር አለ።

ትኬት ቆርጫለሁ። ለገና ደሴ ነኝ።

እዚህ ፈረንጆቹ በዲሴምበር 25 አክብረው ጨርሰው ዛፋቸውን መንገድ ዳር መጣል ሲጀምሩ ነው የኛ የሚደርሰው፣ ስራ ቦታ ጃንዋሪ 7 በአል ነው ብል ማንም አይገባውም፣ ስለዚህ የአመት እረፍቴን አጠራቅሜ ነው የምመጣው። ከዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ፣ በማግስቱ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ፣ ከዛ ሽቅብ በሚኒባስ። ከአዲስ አበባ በመኪና ልምጣ ብዬ ነበር ግን መንገዱን አትመነው ስላልሽኝ ተውኩት፣ እውነቱን ልንገርሽ እኔን የሚናፍቀኝ ግን ያ መንገድ ነው።

ትዝ ይልሻል በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ስራ እንደያዝኩ ለበአል ስመጣ? ከሌሊቱ 10 ሰዓት አውቶብስ ተራ ብርድ እየቆረጠኝ መቆም፣ በሩ ሲከፈት ግፊያው፣ ዶሮ የያዘው፣ ጄሪካን የያዘው፣ ከዛ 400 ኪሎሜትሩን ቀኑን ሙሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ይከናነባል፣ ጣርማበር ጉም ነው፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ደብረ ሲና ስንወርድ ልጆቹ ቆሎ ይዘው መስኮቱ ስር ይሮጣሉ፣ ሸዋ ሮቢት ሹራብ ይወልቃል፣ ከሚሴ የሸሚዝ ቁልፍ ይፈታል፣ ደሴ ሲደረስ ደሞ የወለቀው ሁሉ ተመልሶ ይለበሳል። አባባ መናኸሪያው በር ላይ ጃንጥላውን ይዞ ቆሞ ይጠብቀኛል (በታኅሣሥ ጃንጥላ ለምን እንደሚይዝ እስካሁን አልገባኝም) እና ሻንጣዬን ነጥቆኝ አንድም ቃል ሳይናገር ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። የግቢውን በር ስንከፍት ገና ቤት ሳንገባ ጥቁር አዝሙድና የተለበለበ ኮባ አንድ ላይ ይሸተኛል፣ በቃ ያኔ ነው የደረስኩት።

ግን እማ፣ እኔ ዳቦውን ከዛም በፊት ነው የማውቀው። ስንዴውን ለቅመሽ አጥበሽ ሰሌን ላይ ስታሰጪው ዶሮና ወፍ የምከላከለው እኔ ነበርኩ፣ ዱላዬን ይዤ እንደ ዘበኛ፣ ወፍጮ ቤት የበአል ሰልፍ ላይ ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴ ዱቄት ለብሶ የምመለሰውም እኔ፣ ኮባ ለመቁረጥ እቴቴ ግቢ የምላከውም እኔ። እቴቴ ሰፊ ሰፊውን መርጠው ቆርጠው እየሰጡኝ «ቅርፊቱ የኔ ነው ብላሻለች በላት» ይሉኝ ነበር፣ እውነትም ጠዋት የመጀመሪያውን ሳህን ይዤ የምሮጠው እሳቸው ጋ ነው። ስጋው በየቤቱ ነበር፣ እኛ የነሱን አንበላ እነሱም የኛን፣ ዳቦ ግን በገና ከኛ ወደነሱ በአረፋ ከነሱ ወደኛ ባጥሩ ላይ ሲመላለስ ነው ያደግነው፣ እዚህ ለሰው ስነግር ተረት የማወራ ነው የሚመስላቸው።

ዋዜማ ማታ ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ የአባባን ጋቢ ተደርቦ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፣ አባባ ጋቢዬ የት ገባ እያለ ይዞራል ማንም አይነግረውም። አንቺ እየመጣሽ በጣትሽ ጫን ታደርጊና ጉድጓዷ ቀስ ብላ ስትሞላ «ደርሷል» ትያለሽ። ከዛ ኮባውን እሳቱ ላይ ለብለብ ማድረግ አለ፣ ያችን ነገር አልረሳትም፣ ደብዛዛው ቅጠል እሳቱ ሲነካው ከጫፉ ጀምሮ እያብረቀረቀ ይጠቁርና እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ አንቺ ሁለት ጣትሽን በምራቅሽ ነካ አድርገሽ ትገለብጪዋለሽ። ምጣዱ ላይ ቅጠል በቅጠል ይነጠፋል፣ ሊጡ ይደፋል፣ በላዩ ደሞ ቅጠል፣ የብረት ምጣዱ ይከደንና ፍሙ ከላይ፣ እሳት ከላይም ከታችም። አባባ ብቅ ብሎ «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሰራል፣ ና ውጣ» ሲለኝ አንቺ ዞር ሳትዪ «ተወው እሳት ይሙቅበት» ትያለሽ፣ እሱም ይሄዳል። በዚች አንድ ቃል ስንት አመት እዛ ጉልቻ ጥግ እንዳስቀመጥሽኝ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። 9 አመቴ ላይ፣ ዳቦው ባንድ ጎኑ ያረረ ጊዜ፣ ድመቷ ናት ምጣዱን የነካችው ብዬሽ ሳምንት ሙሉ ከቤት ያስወጣሻት። እኔ ነኝ። በስሎ እንደሆነ ልይ ብዬ በእንጨት ቀና ሳደርገው ፍሙ ወደ ውስጥ ገባብኝ። ፍም የተሸከመ ምጣድ የምትከፍት ድመት የት ታውቂያለሽ እማ፣ ግን አመንሽኝ፣ ወይ ያመንሽ መሰልሽ። ያረረውን በቢላ ፍቀሽ እሱን ጎን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ነው ለእንግዳ ያቀረብሽው።

እሺ ወደ ዋናው ጉዳይ። አምና በገና የላካችሁልኝን ፎቶ አይቼዋለሁ። ቄጠማው አለ፣ ረከቦቱ አለ፣ አንቺ ነጩን ለብሰሽ መሀል ተቀምጠሻል፣ ዳቦው ከፊትሽ። ፎቶውን አሰፋሁት። ዳቦው ላይ የኮባ ጅማት የለም፣ ልስልስ ያለ ጀርባ ነው ያለው። ከዳቦ ቤት የተገዛ ነው አይደል? እህቴን ስጠይቃት መጀመሪያ ካደች ከዛ «እጇ ማቡካት እምቢ አላት፣ እንዳትነግሪው ብላኛለች» አለችኝ። እኔም አመት ሙሉ ዝም አልኩ፣ ያንቺ ልጅ ነኛ።

ከዛ በኋላ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ አትሳቂ። ኮባ ስለሌለ ከእስያ ሱቅ በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ገዝቼ በጋዝ ምድጃው ልለበልብ ስል ጭሱ የእሳት አላርሙን አስጮኸው፣ ከላይ ያለችው ሴትዮ በፒጃማ መጥታ በር ደበደበች። የወጣው ነገር ደሞ ነጭ ልፍስፍስ ያለ፣ ኬክም አይደል ዳቦም አይደል። ኢንተርኔት ላይ ወተት ጨምሩ ቅቤ ጨምሩ ይላሉ፣ ያንቺ በጾም ዋዜማ የሚጋገር እንደሆነ ማን ይንገራቸው። ውሃው ስንት ነው ብዬ ስደውልልሽ «ሊጡ ራሱ ይነግርሃል» አልሽኝ። እማ፣ ለኔ ምንም አልነገረኝም።

ስለዚህ የምለምንሽ ይሄን ነው። አባባ ካረፈ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር ቢላዋውን እኔ እጅ ላይ ታደርጉታላችሁ፣ ባርክና ቁረስ ትሉኛላችሁ፣ እኔ ምርቃት አላውቅበት እሱ የሚለውን ግማሹን ረስቼ «አሜን» ብዬ እቆርሳለሁ። ቢላዋውን ከፈለጋችሁ ለአማቻችን ስጡት። እኔ የምፈልገው ቡሃቃውን ነው። አንቺ በርጩማሽ ላይ ቁጭ በዪ፣ ጉልበትሽ ላይ ጋቢ ጣል አድርጊ፣ እኔ ላቡካው፣ አንቺ ጣትሽን ብቻ ሊጡ ውስጥ ክተቺና ጎደለ በቃ በዪኝ፣ እኔም ጣቴን እዛው ላግባና አንቺ የምትሰሚውን ልስማው። ብትቆጪኝም፣ ድሮ እህቴን እንደምትቆጫት እጇን ቸብ እንደምታደርጊያት ብታደርጊኝም ደስታዬ ነው።

እና እባክሽ እኔ ሳልመጣ ምንም እንዳትጀምሪ፣ አውቅሻለሁ ይደክመዋል ብለሽ ሌሊት ተነስተሽ ጨርሰሽ ትጠብቂኛለሽ። ስንዴውን አስለቅሚው፣ ወፍጮ ቤት ግን እኔ ነኝ የምሄደው። የብረት ምጣዱ ጆሮ የተነቀለው እንዲበየድ ለእህቴ ብር ልኬላታለሁ። ለእቴቴም ሰላም በዪልኝ፣ ኮባ እቆርጣለሁ ቅርፊቱም እንደ ድሮው የሳቸው ነው በያቸው። ኮምቦልቻ ድረስ ማንም እንዳይቀበለኝ፣ ሻንጣዬ ሁለት ነው 23 23 ኪሎ፣ ራሴ ሚኒባስ ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ብቻ ቡሃቃውን አሳጥቢው፣ ወይ ተይው፣ እሱንም መጥቼ አጥበዋለሁ።

ልጅሽ