ከቀለሙ ጋር የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ጎንደር።

ሚጡዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ልጁ ሊሄድ ነው።

ይሄን ደብዳቤና ቀለሙን የያዘልሽ የአዘዞ ልጅ ነው። ገንዘቡን ለብቻው በባንክ ልኬዋለሁ። መጀመሪያ የእማዬ መድኃኒት ይገዛበት። የቀረው ያንቺ ነው፣ የልጆች ፊት ለምትቀቢበት ሥራሽ መጀመሪያ።

በድምፅ የላክሽልኝን ደጋግሜ ሰማሁት። እማዬ ተቆጣች አልሽኝ። «አንዷ ተምራ ሰው አገር የልጅ ፊት ትቀባለች፣ አሁን ደግሞ አንቺ?» አለች አይደል? አልተቀየምኳትም። ግን ይሄን ንገሪልኝ፤ የቤታችንን ቆርቆሮ ያስቀየረው የዚህ ሥራ ገንዘብ ነው። ተመዝግቤ፣ ግብር እየከፈልኩ ነው የምሠራው። እዚህ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ፣ ልጅ ልደት ሲኖረው ፊት የሚቀባ ሰው ይጠራል። እኛ ቅበላ በምንልበት ሰሞን እነሱም ከጾማቸው በፊት ካርኒቫል ያከብራሉ። ያኔ ትንሽ ትልቁ ፊቱን ተቀብቶ ነው የሚወጣው፤ እኔም ቀና ለማለት ጊዜ የለኝም። ስለ ሌላው ሥራዬ አትጨነቂ፣ እሱም ደህና ነው።

ደግሞስ ቀለም ያስወደደችኝ ማን ሆነና? ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዛን ስትሄድ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ነበር የማየው። ዓይን መሣል የተማርኩት ከእነሱ ነው። ለእንቁጣጣሽ ወንድማችን በየቤቱ እያዞረ ሳንቲም የሚቀበልባቸውን ሥዕሎች ቀለም የምቀባለት እኔ ነበርኩ። እንሶስላውን ወቅጣ እጃችን ላይ የምታስርልን እሷ ናት። አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳትስ! እቅፏ ውስጥ ሆኜ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። አሁንም ሳልተኛ ሲነጋብኝ እሱን አስባለሁ። ይሄን ግን አትንገሪያት፣ ታለቅሳለች።

አሁን ስለ ሥራው። እባክሽ ይሄን በደንብ አንብቢው።

የላክሁልሽ በውኃ የሚበጠበጥ፣ ለፊት ተብሎ የተሠራ ቀለም ነው። ሲያልቅብሽ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሥዕል ቀለም ገዝተሽ እንዳትተኪው። ማሸጊያው ላይ መርዝ የለውም ቢልም ለወረቀት የተሠራው ለልጅ ቆዳ አይሆንም። ብልጭልጩም እንደዚያው ነው፤ የዕደ ጥበቡ ዓይን ይጭራል። እጅ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጠቁር ሂና ካመጡልሽም አትንኪው። ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይገባበታል፣ ቆዳ አቃጥሎ ጠባሳ ይተዋል።

አዲስ ልጅ ሲመጣ እናቱን ጠይቂ። ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ከቀኑ በፊት ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብተሽ እስከ ማግሥቱ ጠብቂ። ጭርት፣ ምች፣ ቁስል ወይም የዓይን ማዝ ያለበትን ልጅ አትቀቢ። እናትየው ብትቀየምሽም ትቀየም። ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ስፖንጅ ያዢ። ለዚህ ነው ብዙ የላክሁት፤ ማታ በሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። የብሩሹን ውኃም ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ሰው የሚያምንሽ በሥዕሉ ማማር ብቻ አይደለም፣ ንጽሕናሽን አይቶ ነው።

ውኃ አታብዢ። ቀለሙ እርጎ ሲመስል ነው ለመስመር የሚሆነው፤ ከቀጠነ ጉንጭ ላይ ይፈሳል። መደቡን በስፖንጅ፣ ፈዛዛውን አስቀድመሽ፣ ጥቁሩን መስመር መጨረሻ ላይ። በጣም ትንንሾቹ ፊታቸውን ያሻሉና እጃቸው ላይ አበባ ይበቃቸዋል። ተለቅ ላሉት አንበሳ ሥሪላቸው። ፋሲል ግንብ ግቢ ውስጥ የአንበሶቹን ቤት ያላየ የጎንደር ልጅ የለም። የሰሜን ተራሮችን ጭላዳና ዋልያም ሞክሪ። እኔ እዚህ የማላውቀውን የካርቱን ገጸ ባሕርይ እየጠየቁኝ ስደክም አንቺ የአገርሽን እንስሳ ስትሥዪ ይታየኛል፤ እቀናብሻለሁ። መስቀልና መላእክት ግን ፊት ላይ አይሣሉ። ማታ በሳሙና የሚታጠብ ነገር ላይ አይሆንም። እማዬን የሚያስፈራትም ይሄ ይመስለኛል፣ ቀድመሽ ንገሪያት።

ጥምቀት ላይ ብር አለ ይሉሻል። አለ። ግን ፋሲል መዋኛ አካባቢ በዚያ ግፊያ ልጅ በንጽሕና መቀባት አይቻልም። በልደትና በኬጂ ምረቃ ጀምሪ፣ ግቢያችን ውስጥ ከዛፉ ሥር። ልደት ስትጠሪ ዋጋሽን በሰዓት ተነጋገሪ። ሙሉ ፊት ከሆነ በሰዓት አሥር ልጅ ከሠራሽ ጎበዝ ነሽ። በልጅ ካስከፈልሽ ብር የሌለው ልጅ ቆሞ ያያል፣ እሱን አልችለውም።

የእማዬ ነገር። ግፊቷ እንደገና ከፍ ብሏል ማለትሽ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጾሙ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መድኃኒቷን አትውጥም አይደል? አውቃታለሁ። አንቺ ብትነግሪያት አትሰማሽም። የንስሐ አባቷን አናግሪያቸው። ለታመመ ሰው እሳቸው ይፈቅዳሉ፤ ከአፋቸው ከሰማች ትውጣለች። እኔ ከዚህ ሆኜ ከመለመን በቀር ምን እችላለሁ? ኔትወርክ ጠፍቶ ድምፃችሁን ባጣሁበት ጊዜ የማስበው እሷን ብቻ ነበር።

በጥር ወር ለወንድማችን ሠርግ አልደርስም። የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው፣ አሁን ከወጣሁ መመለሱ አይታወቅም። ወንድሜን ሳልድር ልቀር ነው፣ ሚጡዬ። እስክስታውን ያለማመድኩት እኔ ነኝ እኮ! ሙሽራዋን በቪዲዮ ብቻ ነው የማውቃት፤ ሳቋ ደስ ይላል። እማዬን በደንብ ትይዛታለች ብዬ አምናለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዘሽ የዘመዶቻችንን ልጆች ቅቢልኝ። ለዚያ ቀን በነፃ ነው፣ ስጦታዬ ነው። ሰው ሥራሽን የሚያየውም ያኔ ነው። ፎቶ ላኪልኝ፣ የእማዬንም።

የሙሽራዋን ጫማ እኔ እገዛለሁ ብያለሁ፣ ወንድማችን ግን ቁጥሯን እስካሁን አልነገረኝም። አንቺ ጠይቂያትና ዛሬውኑ ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ይመጣል።

እህትሽ፣ ከኮሎኝ