ልጃችሁ «እኔ አልቶ ነኝ» ብትል አትደንግጡ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ቢሮዬ ድረስ መጥተው «ልጄን አዝማሪ ልታደርጓት ነው እንዴ?» አሉኝ። ቆጣ ብለው ነበር። ልጅቷ እራት ላይ «አባዬ፣ እኔ አልቶ ነኝ» ስትላቸው መጀመሪያ በሽታ መስሏቸዋል። ቡና ጋብዤ አስረዳኋቸው። ለሁላችሁም ቡና መጋበዝ ስለማልችል ግን ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

በሰኔ የወላጆች ቀን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች በኅብረት ይዘፍናሉ። ለዚህም በድምፃቸው ተከፋፍለዋል። ቀጭኑ የሴቶች ድምፅ ሶፕራኖ፣ ዝቅ ያለው ደግሞ አልቶ ይባላል። ከወንዶች ከፍ ያለው ቴኖር፣ ወፍራሙ ባስ ነው። ይህ ውጤት አይደለም፤ አንደኛና አራተኛ የለውም። እንዲያውም የሚከብደው የአልቶ ሥራ ነው። ሶፕራኖዎቹ ሁሉም የሚያውቀውን ዜማ ይዘው ሲሄዱ፣ አልቶዎቹ ከሥር ሌላ መስመር ይዘው ሳይሳቡ መቆም አለባቸው።

በወንዶቹ በኩል ግን አንድ ጣጣ አለ። በዚህ ዕድሜ ድምፃቸው ይጎረንናል። ማንቁርታቸው ሲያድግ ውስጡ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ። ወፍራም የክራር ክር ዝቅ ያለ ድምፅ እንደሚሰጠው ማለት ነው። ማክሰኞ ልምምድ ላይ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ከፍ ያለውን ቦታ ሊይዝ ሲል ድምፁ መሃል ላይ እንደ ጎረምሳ ዶሮ ተሰነጠቀ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሐሙስ ልጁ ቀረ። ለምነን መልሰነዋል፤ አሁን መጨረሻው ረድፍ ቆሞ የሚመቹትን ሦስት ኖታዎች ብቻ ያዜማል፤ ሌላው ሲደርስ ዝም ይላል። እቤትም ታላላቆቹ እንዳይስቁበት አደራ። ጥሬ እንቁላል አታጠጡት፤ ድምፁ የጎረነነው በእንቁላል እጦት አይደለም። ውሃ ይጠጣ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ጩኸቱን ይቀንስ።

ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላትም ትሰማላችሁ። ማኪያቶን ከለመድን እነዚህም አያቅቱንም። ቴምፖ የዘፈኑ ፍጥነት ነው። ፎርቴ ጮክ፣ ፒያኖ ለስለስ ማለት ነው። መሣሪያውም ፒያኖ የተባለው ሙሉ ስሙ ፒያኖፎርቴ ስለነበር ነው፤ ቀስ ብለው ሲነኩት ለስለስ፣ ጫን ሲሉት ጮክ ይላልና። ዝናብ ሲመጣ እኛ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሁሉም ነገር ፎርቴ ነው። ብቻውን የሚዘፍን ሶሎ ነው። አውጪና ተቀባይ የሚባለውን ግን እኔ ላስረዳችሁ አልደፍርም፤ በመዝሙሩም በመንዙማውም በሠርጉም ስትቀበሉ ኖራችኋል። በጣና ደሴቶች ገዳማት የዜማ መጻሕፍትን ያየም ከፊደሉ በላይ የሰፈሩትን ጥቃቅን ምልክቶች ያስታውሳል። ደረት፣ ርክርክ፣ ይዘት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ድምፅን በወረቀት ማስቀመጥ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም።

መሣሪያዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው፤ በደጋን ይገዘገዛል። ከሐይቁ በሚመጣው እርጥበት ቆዳው ስለሚላላ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እናሞቀዋለን። ልጃችሁ ክራር ይዞ ሩብ ሰዓት ሙሉ ክር ሲያጠብቅና ሲያላላ ብታዩት አላበላሸውም፤ ቅኝት፣ ማለትም ክሮቹ የሚሰጡትን የድምፆች አሰላለፍ፣ እየቀየረ ነው። ዋናዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ሙሉ ትዝታ ለምሳሌ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ እና ሲ የሉበትም። ኪቦርድ ያላችሁ እቤት ሞክሩት፤ ወዲያው ሆድ ያባባል።

መሣሪያ ግዙ አላልንም፣ ትምህርት ቤቱ ያለውን በተራ ይጠቀማሉ። የተለየ ልብስም አያስፈልግም፤ ዩኒፎርሙ ይበቃል። ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9:30 እስከ 11:00 ነው። በባጃጅ የሚመለሱትን ሳይመሽ እንሸኛለን።

አንድ ችግር ግን አለብን። ልጆቹ ገና ልጆች ስለሆኑ ባስ የለንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወፍራም ድምፅ ያላችሁ አባቶች፣ አጎቶች፣ ታላላቅ ወንድሞች ብትመጡ ደስ ይለናል። ኖታ ማንበብ ግዴታ አይደለም። ያ የተቆጡት አባት በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉና «እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ?» አሉኝ። ባስ ናቸው። ሐሙስ ይጀምራሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህር
ባሕር ዳር