ካሜራውን ከመግዛትሽ በፊት

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹ አድገዋል፤ ትልቋ በቁመት ልትበልጠኝ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ከየት ብቅ አለች እንደምትዪ አውቃለሁ። ምክንያቱን ከታች እጽፍልሻለሁ። መጀመሪያ ግን የሚያጣድፍ ነገር አለ።

ቅዳሜ ዕለት ወንድምሽን ሽሮ ሜዳ አገኘሁት። ለፋሲካ እንደምትመጪ ሲነግረኝ እዚያው መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። «ካሜራ ልትገዛ ነው፤ እማዬን በደንብ አነሳታለሁ ብላለች» አለኝ። ዱባይ ካለው ሱቅ የላኩልሽን ዝርዝርም በስልኩ አሳየኝ። ካኖን 4000ዲ፣ ካኖን 2000ዲ፣ ኒኮን ዲ3500፣ ካኖን 250ዲ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የተሳሳተውን ገዝተሽ ስትመጪ ታየኝ።

4000ዲን አሁኑኑ ከዝርዝሩ ሰርዢው። የረከሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። 2000ዲ ይሻላል፤ ቀለበቱ ብረት ነው፣ 24 ሜጋፒክስል አለው፣ የሚያወጣው ፎቶም ጥሩ ነው። ግን በስክሪኑ እያየሽ ስታነሺ ፎከስ ለመያዝ፣ ማለትም ምስሉን ለማጥራት፣ ይንቀራፈፋል። በዓይን ማያው ካላነሳሽ ያናድድሻል። ስልክ የለመደ እጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስክሪን ነው። ማይክ መሰኪያም የለውም፤ የእናትሽን የእትዬን ጨዋታ በቪዲዮ መቅረጽ ካማረሽ ያን ጊዜ ይቆጭሻል።

ዲ3500ን እወደዋለሁ። እጅ ውስጥ ግጥም ይላል። ባትሪው በአምራቹ ልኬት አንዴ ተሞልቶ 1,550 ፎቶ ያነሳል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እሱም በስክሪን ሲሆን ቀርፋፋ ነው። ደግሞ ልብ በይ፦ ካሜራው ራሱ ውስጥ ፎከስ የሚያዞር ሞተር የለውም። አሮጌው 50 ሚሊ ሜትር ኒኮን፣ መጨረሻው ላይ «ዲ» የሚለው፣ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ይገጠማል፤ ፎከሱን ግን በእጅሽ ነው የምታዞሪው። ኒኮን ከወሰድሽ ሌንሱ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሑፍ ፈልጊ።

250ዲ ከዝርዝሩ ምርጡ ይመስላል። ስክሪኑ ይዞራል፣ በስክሪን ሲነሳም ፊት ተከትሎ ፎከስ ይይዛል። ሁለት ነገር ግን አልወደድኩለትም። አንደኛው፣ 4ኬ የሚባለው በጣም ጥርት ያለው ቪዲዮ ሲከፈት የምስሉ ዳር ዳር ይቆረጣል፣ ያ ጎበዝ ፎከስም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ማንም ሻጭ አይነግርሽም። ፍላሽ የሚሰካበት ጫማ ላይ መሃለኛዋ ነጥብ የለችም። አብዛኛው የሌላ ድርጅት ርካሽ ፍላሽና ፍላሹን ከርቀት የሚያበራው ትሪገር የሚሠራው በእሷ ነው። እኛ እዚህ ፍላሽ የምንሠራው ተዋውሰን ነው። የእኔን ተውሰሽ ብትሰኪው አይበራልሽም። 2000ዲም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የሌለውን ፈልጊ። ካኖን 200ዲ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው። ያገለገለ ይሁን። 24 ሜጋፒክስል፣ የሚዞር ስክሪን፣ የማይክ መሰኪያ፣ ፊት የሚከተል ፎከስ፣ ያቺ የፍላሽ ነጥብም አለች። ክብደቱ ከባትሪው ጋር 453 ግራም ነው። በሚተርፍሽ ብር ሌንስ ትገዣለሽ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው።

«ሁለት ሌንስ አብሮ» የሚለው አያታልልሽ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ አድርገው የሚጨምሩት 75-300 የሚባለውን፣ ሩቅ የሚያቀርበውን ሌንስ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የለውም፤ እጅሽ ትንሽ ካላረፈ ብዥ ይላል። ለእትዬ ሳሎንማ ጨርሶ አይሆንም፤ ለማንሳት ግቢው በር ላይ መቆም ሊኖርብሽ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሌንስ ለቀን ብርሃን ደህና ነው። ቤት ውስጥ ግን ይጨልማል። ለማቅረብ ወደ 55 ስታስጠጊው ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል።

አሁን የዝምታዬን ምክንያት ልንገርሽ።

ነሐሴ 2009 ልትሄጂ ስትዪ ማታ አባትሽ ጋሼ ሲመርቁሽ አንድ አምፖል ነበር የበራው። ፎቶ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ያ አብሮ የሚመጣ ሌንስ ነበረኝ፣ 55 ላይ፣ ኤፍ 5.6። ፍላሽ መተኮስ ነውር መሰለኝ፤ ምርቃት እኮ ነው። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ 1600 አደረግኩ። ካሜራው ብርሃን ለመቀበል 1/8 ሰከንድ ሰጠኝ። ትንፋሼን ይዤ ተጫንኩ።

ጋሼ ካረፉ በኋላ ደውለሽ «የዚያን ማታ ፎቶ ላኪልኝ» አልሽኝ። አውጥቼ አየሁት። አንቺ አንገትሽን ደፍተሻል። የጋቢያቸው ትከሻ ይለያል። ቀኝ እጃቸው ግን ጭስ ሆኗል። ፊታቸውም ከምርቃቱ ጋር እየተንቀሳቀሰ ስለነበር ዓይናቸው የለም። ከክፍሉ ሁሉ ጥርት ብሎ የወጣው ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ነው። እሱ አልተንቀሳቀሰማ። ያንን እንዴት ልላክልሽ? ነገ እላለሁ፣ ሳምንት እላለሁ። ከዚያ ስልክሽን ማንሳት ፈራሁ። እየቆየ ሲሄድ ዝምታው ራሱ ሌላ እዳ ሆነብኝ። ይቅር በይኝ።

ኋላ ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚለው ሌንስ ከ5.6 ጋር ሲወዳደር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። 1/8 የነበረው 1/80 ይሆን ነበር። በ1/80 የሚመርቅ ሽማግሌ እጅ ይያዛል። ኤስቲኤም የሚባለው የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ 159 ግራም ነው። ካኖን ከሚሸጣቸው ሌንሶች በርካሽነቱ የታወቀ ነው። እኛ «ፊፍቲ» እንለዋለን። ያን ማታ ቦርሳዬ ውስጥ ቢኖር ኖሮ አንቺም አባትሽን ታዪ ነበር።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ እሱን እንዳትረሺ። አንድ ነገር ልብ በይ። 200ዲ ላይ ሲገጠም የሚያሳይሽ በድሮ ፊልም ካሜራ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ነው። በጠባብ ቤት ጀርባሽ ግድግዳ ይነካል። ቤተሰቡን ባንድ ላይ ለማንሳት ያን 18-55ቱን መልሰሽ ግጠሚ፣ ቀን ላይ፣ በሩ ተከፍቶ። ለእትዬ ብቻቸውን ግን ፊፍቲ። ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት 1.8 ላይ ጥርት የሚለው 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይናቸው ጥርት ብሎ ጆሮአቸው ብዥ ሊል ይችላል። ፎከሱን ወደ አንቺ በቀረበው ዓይን ላይ አሳርፊው። ብርሃን ካለ 2.8 አድርጊው። ጠዋት ቡና ሲያፈሉ ረከቦቱን ወደ በሩ አስጠጊላቸው። ከጎን የሚገባው ብርሃን ፊታቸው ላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር ያወጣዋል፣ የዕጣኑንም ጭስ። እሳቸውን ካሜራ እንዲያዩ አታስቸግሪያቸው።

ያገለገለ ስትገዢ ራስሽ ሄደሽ እዪው፣ በፎቶ አይተሽ አትክፈዪ። የራስሽን ሜሞሪ ይዘሽ ሂጂ። ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብርተሽ ውስጡን እዪ። ሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካየሽ ፈንገስ ነው፤ የባሕር ዳርቻ ወበቅ ይወደዋል። ትተሽው ውጪ። ኤፍ 16 ላይ አድርገሽ ነጭ ግድግዳ አንሺ፤ በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም ጥቁር ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ነው። እሱ ይጠረጋል፣ አያስፈራሽ፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅምሻል።

ወንድምሽ «አሁን ሁሉም ሚረርለስ ነው፣ ይሄ አሮጌ ነው» ብሎኛል፤ ውስጡ መስታወት የሌለውን ካሜራ ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፤ ገበያው ወደዚያ ሄዷል። ቢሆንም ወደፊት አር የሚባለውን የካኖን ሚረርለስ ካሜራ ብትገዢ ፊፍቲው በአስማሚ ይሠራል። የአዲሱ ሌንስ ግን አሮጌው ላይ አይገጠምም። ስለዚህ ብርሽ አይባክንም።

እዚህ መጥቼ እገዛለሁም እንዳትዪ። ፒያሳን አታውቂያትም። ብዙው ሰፈር በ2016 ፈርሷል። አንቺና እኔ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ጉርድ ፎቶ የተነሳንበት ቤትም የለም። ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ይፈልገዋል።

የጋሼን ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ላስተካክለው ሞክሬ ነበር፤ ተውኩት፣ እንደተነሳ ነው። እትዬንም ጠይቄያቸዋለሁ። «እንደመጣች በመጀመሪያው ጠዋት ነው የምነሳው፣ ነጠላዬን አጥቤ አስቀምጣለሁ» ብለውኛል።

ባትሪውን ሞልተሽ ነዪ። የምትገቢበትን ቀን ንገሪኝ፤ ቦሌ ወጥቼ እቀበልሻለሁ።

እህትሽ