ቀለበቱ ብቻ ሳይሆን ገሉም ይዘገብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ ስለ አክሱም ዘመን የቁፋሮ ግኝቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በየሓ አቅራቢያ በምትገኘው በቤተ ሰማዕቲ ስለ ተገኘው የወርቅ ቀለበትና እዚያው ስለ ተቆፈረው ባዚሊካ (ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን) ያቀረቡት ሐተታ የሚያስመሰግን ነው። ቅሬታዬ በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ነው። የሮማውያን ሸክላ ስብርባሪም መገኘቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰው፣ ይህ አክሱም ከሮም ጋር በቀጥታ ትነግድ እንደ ነበር ማረጋገጫ ነው በማለት አልፈውታል። በእኔ እምነት ከጽሑፉ ሁሉ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባ የነበረው ይኸው የታለፈው ነገር ነው፤ የተሰጠው መደምደሚያም ስለ እነዚህ ሸክላዎች ታትሞ የወጣው ጥናት ከሚለው ጋር አይገጥምም።

ቀለበቱ በርግጥ ያምራል። በቀይ ካርኔልያን ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የበሬ ራስ ለጋዜጣ ፎቶግራፍ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ቀለበት የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ ወርቅም እየቀለጠ ሌላ ጌጥ ስለሚሆን ከአፈር በታች የሚቀረው በአጋጣሚ ነው። ገል ግን ዕቃው ከተሰበረ በኋላ የሚፈልገው የለም፤ አይበሰብስም፣ አይዝግም፣ አንጥረኛም አይገዛውም። ስለዚህ በወደቀበት የመሬት ንብርብር ውስጥ እንዳለ፣ በሺዎች እየተቆጠረ ቆፋሪው እጅ ይገባል። ስለ አንድ ከተማ የዕለት ኑሮ፣ ስለ ገበያዋና ስለ መንገዷ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሮም ውስጥ የሠራው ጀርመናዊ ሃይንሪክ ድሬሰል ነበር። በሮም ከተማ፣ ከቲቤር ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባል ከፍታው 35 ሜትር ገደማ የሆነ ኮረብታ አለ። ኮረብታው ከላይ እስከ ታች ገል ነው፤ በአብዛኛው ከደቡብ ስፔን የወይራ ዘይት መጥቶባቸው፣ ዘይቱ ከተገለበጠ በኋላ ተሰባብረው የተጣሉ ባለ ሁለት ጆሮ ትልልቅ እንስራዎች፣ ማለትም አምፎራዎች ናቸው። ድሬሰል በገሎቹ ላይ በቀለም የተጻፈውን ክብደት፣ የነጋዴውን ስምና ዓመቱ የሚታወቅባቸውን ቆንስላዎች፣ ማለትም በየዓመቱ የሚሾሙ የሮም ባለ ሥልጣናት፣ ስም እያነበበ፣ እንስራዎቹን በቅርጻቸው መድቦ ቁጥር ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው ሠንጠረዡ ዛሬም ይሠራበታል፤ በብሪታንያ የሚቆፍር ሰው «ድሬሰል 20» ብሎ ሲጽፍ በግብፅ የሚቆፍረው ባልደረባው የትኛውን የዘይት እንስራ ማለቱ እንደሆነ ሳይጠይቅ ይገባዋል።

የአክሱምም ሸክላ እንዲህ ዓይነት ተመልካች አላጣም። አርኪዮሎጂስቱ ኔቪል ቺቲክ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 የመራው ቁፋሮ ዘገባ በስቱዋርት መንሮ-ሄይ አዘጋጅነት በ1989 ታትሟል፤ ዴቪድ ፊሊፕሰን ከ1993 እስከ 1997 የመራው ደግሞ በ2000 በሁለት ጥራዝ ወጥቷል። በእነዚህ ዘገባዎች ከውጭ የመጣው ሸክላ ከአገሬው ተለይቶ ተመዝግቧል። መለየቱም ብዙ አያስቸግርም። የአክሱም ሸክላ ሠሪዎች ዕቃቸውን የሚሠሩት በእጃቸው እየገነቡ ነበር፤ ከውጭ የመጣው ግን በመንኮራኩር ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ ገሉ ሲገለበጥ የሠሪው ጣት ዙሪያውን የተወው መስመር በውስጥ በኩል ረድፍ በረድፍ ይታያል፤ ጥፍር ሲያልፍበትም ይሰማል።

ከውጭ ከመጡት መካከል ከዛሬዋ ቱኒዚያ አካባቢ የተጫኑ ቀይ ቅብ ሳህኖች አሉ፤ ከኪልቅያ (ከዛሬዋ ደቡብ ቱርክ) እና ከቆጵሮስ ወገን የመጡ እንስራዎችም አሉ። ደጋግሞ የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው፤ ወደ ታች እየሾለ የሚሄድ፣ ሆዱ በተደጋጋሚ ጭረት የተከበበ፣ ላዩ ወደ ነጭነት የሚያደላ እንስራ። የተሰበረው ጠርዙ ሲታይ ጭቃው ውስጥ ከግራናይት ድንጋይ የመጣ ነጫጭ ጠጠርና ሚካ የሚባል የሚያብለጨልጭ ማዕድን አለበት። የዚህ ዓይነት እንስራ ሲተኮስባቸው የነበሩ ምድጃዎች ዮርዳኖስ ውስጥ በአቃባ ተቆፍረው ተገኝተዋል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1994 ታትሟል። በግራናይት ተራሮች የተከበበችው አቃባ በጥንት ስሟ አይላ ትባል ስለ ነበር፣ ተመራማሪዎች ዕቃውን «የአይላ-አክሱም እንስራ» ይሉታል። የራሳችን ከተማ ስም በዓለም የሸክላ ጥናት ውስጥ የገባበትን ዕቃ አንድ የአገር ውስጥ ጋዜጣ ሳይጠቅሰው ማለፉ ትንሽ ያሳዝናል።

እንግዲህ እንስራው የመጣው ከሮም ከተማ አልነበረም። የመጣው ከቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በዚያን ጊዜ መናገሻውን ቁስጥንጥንያ ላይ ካደረገው መንግሥት የዳርቻ ወደብ ነው። የዘመኑም ጉዳይ አለ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ የአክሱም የባሕር በር ወደ ነበረችው ወደ አዱሊስ የሚገባውን ዕቃ ሲዘረዝር የሎዶቅያንና የኢጣሊያን ወይን ይጠቅሳል፤ መጠኑ ግን ብዙ እንዳልሆነ ያክልበታል። የአቃባው እንስራ በብዛት የታየው ከዚያ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ «የሮም ንግድ» ማለት፣ የዘመነ መሳፍንትን ነጋዴና የዛሬውን አስመጪ በአንድ መዝገብ እንደ ማስፈር ይቆጠራል።

ዕቃው የተጓዘበትን መንገድ የሚያሳይ ማስረጃ ከባሕር ሥርም ተገኝቷል። ከኤርትራ ጠረፍ ማዶ፣ ጥቁር አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ የሰመጠ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲቆፈር፣ በብዛት የወጣው ይኸው እየሾለ የሚሄድ እንስራ ነበር። ወደብ ከደረሰ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት የንግድ መመሪያ ከአዱሊስ በመንገድ ላይ እስካለችው ከተማ እስከ ቆሎኤ 3 ቀን፣ ከቆሎኤ እስከ አክሱም ሌላ 5 ቀን ያስኬዳል ይላል። በቀላሉ የሚሰበር፣ ባዶውን እንኳ የሚከብድ ዕቃ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለች ከተማ ሲወጣ፣ ይህን ሁሉ ድካም የሚከፍል ገዥ እንደ ነበረ ያመለክታል። ያ ገዥ ማን ነበር፣ ቤተ መንግሥት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይስ ሀብታም ነጋዴ? ይህን መጠየቅ የሚቻለው ገሉ ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ክፍል እንደወጣ ሲዘገብ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ገሉ ሊሸከመው የማይችለውን ነገር ልንጭንበት አይገባም። በእንስራው ውስጥ ወይን ነበር፣ የዓሣ ስጎ ነበር፣ ቴምር ነበር የሚሉ አስተያየቶች ቀርበዋል፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ደግሞም እንስራ ይዞት የመጣውን ነገር ካራገፈ በኋላ ሌላ ሥራ አያጣም። ዛሬ በየገጠሩ ውሃ የሚቀዳበት ቢጫ ጀሪካን መጀመሪያ ከሩቅ አገር የምግብ ዘይት ይዞ የገባ ነው፤ ጀሪካኑ የተገኘበት ቤት ሁሉ ግን ከዚያ አገር ጋር ይነግዳል አይባልም። በኤርትራ በሰንዓፈ አጠገብ ባለችው ጥንታዊ ከተማ በመጠራ ሕፃናት የተቀበሩባቸው እንስራዎች በቁፋሮ ወጥተዋል፤ ለዚያ ቤተሰብ እንስራው የሩቅ አገር ሸቀጥ ሳይሆን የልጅ ሣጥን ነበር።

የዘመን አቆጣጠሩም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በደቡብ ሕንድ አሪካሜዱ በሚባል ጥንታዊ የንግድ ቦታ እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሞርቲመር ዊለር እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቆፍር ያገኘውን የኢጣሊያ ቀይ ሳህን ይዞ የቦታውን ዕድሜ ወሰነ፤ ሥራው በጊዜው እጅግ ትልቅ ነበር። ከ1989 ጀምሮ ቪማላ ቤግሊ እንደገና ስትቆፍር ግን ሰዎች በቦታው ይኖሩ የነበሩት የኢጣሊያው ሳህን ከመድረሱ አስቀድሞ እንደ ነበር አሳየች። ሳህኑ የተገኘበት ንብርብር ከሳህኑ ሊቀድም አይችልም፤ ከሥሩ ያለው ግን በራሱ ማስረጃ መመርመር አለበት። ለአክሱምና ለቤተ ሰማዕቲም ይኸው ይሠራል፤ ከውጭ የመጣው ገል ከአገሬው ገል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ የቦታውን ታሪክ በእሱ ብቻ መጻፍ ብዙሃኑን ትቶ ለእንግዳ ብቻ ወንበር መስጠት ነው።

በጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያልተነሣ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሸክላው የተጓዘው ወደ እኛ ብቻ አልነበረም። በግብፅ የቀይ ባሕር ወደብ በነበረችው በበረኒቄ፣ በሕንድም በጉጃራት ውስጥ ባለችው በካምሬጅ የአክሱም ገል ተገኝቶ በሸክላ ተመራማሪዋ በሮቤርታ ቶምበር ተጠንቶ ታትሟል። በእጅ የተሠራ የአገራችን ማሰሮ ለሽያጭ ተብሎ ውቅያኖስ ያቋርጣል ማለት ያስቸግራል፤ የራሱን ማብሰያ ይዞ የሚጓዝ መርከበኛ ወይም ነጋዴ ነበር ማለቱ ይቀላል። ስለዚህ አክሱማውያንን የሮም ሸቀጥ ተቀባይ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ከታተመው ማስረጃ ጋር አይሄድም።

እነዚህ ዘገባዎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ዋጋቸውም ከአንድ መምህር ደመወዝ ጋር የማይቀራረብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጋዜጠኛውን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አልፈልግም። ሆኖም ቆፋሪዎቹ መግለጫ ሲሰጡ በቦታው የሚገኘው ዘጋቢያችሁ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ገሉ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ፣ ጭቃው የየት አገር እንደሆነና ከተገኘው ሸክላ ሁሉ ምን ያህሉ የውጭ እንደሆነ ቢጠይቅልን፣ ከቀለበቱ ፎቶግራፍ ጎንም ጠርዙ የሚታይ አንድ ገል ከመለኪያው ጋር ቢታተም፣ እኔን የመሰሉ መምህራን ጋዜጣውን ቆርጠን ክፍል ውስጥ እንጠቀምበታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር
ከአዲስ አበባ