የእቴቴ ግድግዳ

ጅማ፣ ጥቅምት

ነጂቤ፣ እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ?

አራት ዓመት ዝም አልኩህ። ምክንያት ልደረድርልህ ጀምሬ ተውኩት። እናትህ እቴቴ ያረፉ ጊዜ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። ከዚያ ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ሐፍረቱ እያደር ከበደኝ። ይቅር በለኝ። ደብዳቤ ይሻለኛል፣ ፊቴን አታየውም።

የምነግርህ ነገር አለ። ሂርማታ ያለው ግቢያችን ፈረሰ። አንድ ቅዳሜ ስደርስ ቆርቆሮው ወርዷል፣ በሮቹ ተነቅለዋል፣ የናንተ ጓዳ ግድግዳ ብቻ ቆሟል። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ። የተለጠፈው ጋዜጣ ርሶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላቀቅ ጀምሯል። ትዝ ይልሃል? እቴቴ በየዒዱ ዋዜማ ዱቄት በውሃ አማስለው አሮጌው ላይ አዲስ ይለጥፉ ነበር። እኛ ጫፍና ጫፉን እንይዛለን። ጋዜጣው በኪሎ ከሱቅ የተገዛ ነው፣ አንዳንዱ ተገልብጦ ይለጠፋል። እኔ ማንበብ የለመድኩት አንገቴን አጣምሜ ነው ብል አልዋሸሁም።

ባነር ማተሚያ ከመጣ ወዲህ ብሩሼ ሥራ ፈቷል፣ ጊዜ አለኝ። ፍርስራሹን የሚያነሱትን ልጆች ለምኜ ግድግዳውን በቁራጭ በቁራጭ አንስቼ ወሰድኩት። ማታ ማታ በጀበና እንፋሎት እያራስኩ በቢላ ጫፍ አላቅቀዋለሁ። ላዩ የካላንደር ሥዕል ነው። ከሥሩ በሪሳ። ከዚያ ሠርቶ አደር፣ ከዚያ አዲስ ዘመን። መጨረሻ ላይ ጭቃና ጭድ። በአንዳንድ ቦታ የጫማ ሶል ያህል ወፍሯል።

አባቴ ግቢው ድሮ የአንድ ነጋዴ ነበር ይሉ ነበር። በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ የሚበልጠው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። እኛ በቀበሌው በኩል ገባን። ኪራዩ የማይጎዳ ነበር፣ ያለ ፈቃድ ማደስ ግን አይቻልም። ስለዚህ ሰዉ ምን አደረገ? ጣራው እያፈሰሰ፣ ግድግዳው እየተሰነጠቀ፣ ቤቱን በወረቀት አደሰው። ይህ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

ሌላው ዓለም ምን ሠርቶ ይሆን ብዬ ስልኬ ላይ ስፈልግ አመሸሁ። ለንደን ውስጥ ሮጀር ሂዮርንስ የሚባል አርቲስት እ.ኤ.አ. በ2008 ሊፈርስ የተዘጋጀ የመንግሥት መኖሪያ ቤት አሽጎ 75,000 ሊትር የመዳብ ሰልፌት ውሃ ሞላበት። ውሃው ሲወጣ ግድግዳው፣ ጣራው፣ መታጠቢያ ገንዳው ሳይቀር ሰማያዊ ክሪስታል አብቅሏል። ያምራል፣ በጣም ያምራል። ግን እዚያ ማን ሽሮ እንዳቃጠለ አይነግርህም። ሮቢን ሁድ ጋርደንስ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1972 ያለቀ ሰፈርም ሲፈርስ አንድ ታላቅ የለንደን ሙዚየም የሕንፃውን ቁራጭ ባለ ሦስት ፎቅ አድርጎ ወሰደው። ወይ ጉድ! ግድግዳውን ሙዚየም ወሰደው፣ ሰዉንስ ማን ወሰደው አልኩ።

እኔ አሁን ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዕጣው የወጣ ቀን እንደ ሎተሪ አስጨፍሮናል። ኑሮው ግን ሌላ ነው። ጎረቤቴ ቡና ስትወቅጥ የኔ ጣራ ላይ ነው የምትወቅጠው። ከምድር ቤት «ቡና ጠጡ!» ተብሎ ሲጠራ አራተኛ ፎቅ አይሰማም፣ ልጅ መላክ ነው። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ጄሪካን ተሸክሞ መውጣት አለ። ለማማረር አይደለም፣ መብራቱ የራሴ ቆጣሪ ነው።

ስለ ቆጣሪ ካነሳሁ ዋናው ይኸው። አንዱ የሠርቶ አደር ገጽ ጠርዝ ላይ የእርሳስ ጽሑፍ አገኘሁ። የእቴቴ እጅ ነው። በመሠረተ ትምህርት የለመዷት ያቺ ትልልቅ ፊደል፣ «ሐ» ከመስመር ወጥታ የምትቆመዋ። ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ስንኖር ሒሳቡን በአምፖል የሚያካፍሉት እሳቸው አልነበሩ? ተጽፏል፦ ያ ቤት 2 አምፖል፣ ያኛው 1፣ እነ ነጂብ 2፣ እነ ግርማ 2 ከካውያ ጋር። ዓመተ ምህረቱ 1981። ደብተር ሲያልቅባቸው ግድግዳው ላይ ጽፈውት ኖሯል።

ወረቀቶቹን በመስታወት መሐል አድርጌ በግቢያችን ኮሚናል፣ በጉ በሚታረድበት የጋራ ቤት ውስጥ ለመስቀል አስቤያለሁ። የሕንፃው ሰዎች ፈቅደዋል፤ እንዲያውም አንዷ እናት የራሷን የድሮ የኪራይ ደረሰኝ አምጥታ ሰጠችኝ። የእቴቴን ገጽ ግን ያላንተ ፈቃድ አልሰቅልም። የቤት ሒሳብ ነው፣ የእናትህ እጅ ነው። አይሰቀል ካልክ በፖስታ እልክልሃለሁ፣ አንተ ጋ ይቀመጥ። ብትመጣና በእጅህ ብትወስደው ደግሞ ደስታዬ ነው፣ አልጋ አለኝ።

እናቴ ሰላም ትልሃለች። ገጹን ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ታች ላይ «እነ ግርማ ቀሪ 35 ሳንቲም» ይላል። ከፍያለሁ ብላ እየማለች ነው።

ግርማ