ጋሼ፣ ከሁለቱ ሽቦዎች የትኛውን እንዳስገባሁ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እናታችንስ፣ ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ወደ አዲሱ ቤት መግባቴን በስልክ ነግሬዎታለሁና ስለ ቤቱ አልደግምም፤ ይህን የምጽፍልዎት ባለፈው ስንነጋገር ላነሡት ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። «በቴሌቪዥን ኬብል የሚመጣው ኢንተርኔት በስልክ መስመር ከሚመጣው ሦስት እጥፍ ይፈጥናል ከተባለ፣ የዋጋውም ልዩነት ይህን ያህል ካልሆነ፣ ምን ያወላውልሃል?» ብለውኝ ነበር። ጉዳዩ ድምፃችን እየተቆራረጠ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልነበረ መልሱን በጽሑፍ መስጠትን መረጥሁ። ውሳኔዬ ያስገርምዎት ይሆናል፤ ቀርፋፋ የተባለውን፣ በስልኩ መስመር የሚመጣውን ዲ.ኤስ.ኤል አስገብቻለሁ።

በመጀመሪያ፣ ይህ ሕንፃ ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያደርሰው የመስታወት ክር) ገና እንዳልደረሰው ይወቁልኝ። ፋይበር ቢኖር ኖሮ እኔም አላወላውልም፣ ይህም ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። ያለኝ ምርጫ ግድግዳው ላይ ከተተከሉት ሁለት ሶኬቶች አንዱ ነው። አንደኛውን ስፈታው ከኋላው የወጡት እርስ በርሳቸው የተገመዱ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ናቸው፤ ሁለተኛው መሐሉ ላይ አንድ ወፈር ያለ ሽቦ ያለበት፣ ዙሪያውን በፕላስቲክና በተጠለፈ የብረት መረብ የተሸፈነ፣ ኮአክሲያል የሚባለው የቴሌቪዥን ገመድ ነው። ሁለቱም ኢንተርኔት ያመጣሉ ተብለው የተፈጠሩ አይደሉም። ለተገመደው ጥንድ ሽቦ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1881 ሲሆን፣ የመገመዱም ዓላማ የአንዱ መስመር ድምፅ ወደ ሌላው እንዳይሾልክ መከላከል ነበር፤ የኬብሉ ሥራ ደግሞ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ቤት ማድረስ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት የሁለቱ ጠባይ ዛሬም የሚመነጨው ከዚሁ ከአፈጣጠራቸው ነው፤ የስልኩ ሽቦ ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው የተዘረጋ ቢሆንም ደካማ ነው፣ ኬብሉ ደግሞ ብርቱ ቢሆንም የጋራ ነው።

ከስልኩ ልጀምር። የሰው ድምፅ በስልክ ሲተላለፍ የሚይዘው ከ4 ኪሎ ኸርዝ (ኸርዝ የሞገድ ድግግሞሽ መለኪያ ነው) በታች ያለውን ስፍራ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው የሽቦው አቅም ለረጅም ዘመን ሥራ ፈትቶ ኖሯል፤ ዲ.ኤስ.ኤል የሚሠራው በዚህ ባዶ ስፍራ ነው። የመጀመሪያው ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል እስከ 1.1 ሜጋ ኸርዝ፣ ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል 2 ፕላስ እስከ 2.2 ሜጋ ኸርዝ፣ እኔ ያስገባሁት ቪ.ዲ.ኤስ.ኤል 2 ደግሞ እንደ ዓይነቱ እስከ 17 ወይም እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ይወጣል። ችግሩ ከፍ ያለው ሞገድ በመዳብ ውስጥ ቶሎ መድከሙ ነው። ከሩቅ የሚናገረንን ሰው ቃሉን ለይተን ለመስማት ቀስ ብሎ እንዲናገር እንደምንለምነው ሁሉ፣ ሞደሙም (ቤት ውስጥ ከመስመሩ ጫፍ ላይ የሚሰካው መሣሪያ) ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱን እየቀነሰ ይስማማል። ስለዚህ ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል 2 ፕላስ በሰከንድ እስከ 24 ሜጋ ቢት ያደርሳል ቢባልለትም፣ ያ ቁጥር ለስልክ ማዕከሉ ቅርብ ለሆነ ቤት ብቻ ነው፤ ከ3 ኪሎ ሜትር በኋላ ከቀድሞው ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል ብዙም አይሻልም፣ ከ5 ኪሎ ሜትር አለፍ ሲል ደግሞ ጨርሶ ላይገናኝ ይችላል። ቪ.ዲ.ኤስ.ኤል 2 ከሁሉም ይልቅ ርቀትን አይችልም፤ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከ1 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ነው። ኩባንያዎቹ ፋይበሩን እስከ መንገድ ዳር ሳጥን አምጥተው መዳቡን ለመጨረሻዋ አጭር መንገድ ብቻ የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሰው ስለ ዲ.ኤስ.ኤል ሲጠይቀኝ «ሳጥኑ ከቤትህ ምን ያህል ይርቃል?» ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ርቀቱ የሚቆጠረውም በእግር መንገድ ሳይሆን በሽቦው መንገድ ነው፤ ሽቦው ዞሮ ዞሮ ሊመጣ ይችላልና። ከከተማው ጫፍ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከማዕከሉ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የሚያገኘው በሰከንድ 3 ሜጋ ቢት ገደማ ነው፤ አንዱ ፊልም ሲያይ የቀረው ቤተሰብ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ለእርሱ «ኬብሉን አስገባ፣ አታስብበት» ብዬዋለሁ። የእኔው ሳጥን ግን 300 ሜትር ቢርቅ ነው፤ ከመስኮቴ ይታየኛል።

ወደ ኬብሉ ስንመጣ ርቀት ያን ያህል አያስጨንቅም። ኮአክሲያሉ ሰፊ ሞገድ ይሸከማል፤ ሲደክምም በየመንገዱ የተተከሉ ማጉያዎች ያበረቱታል። ዶክሲስ የሚባለው የኬብል ሞደሞች የጋራ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ ወዲህም ብዙ ተሻሽሏል፤ በ2006 የወጣው 3.0 ብዙ ቻናሎችን አጣምሮ መጠቀምን አመጣ፣ በ2013 የወጣው 3.1 ደግሞ መቀበያውን፣ ማለትም ወደ ቤት የሚገባውን ፍጥነት፣ ወደ ጊጋ ቢት አደረሰው። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚከፋፈል ቁጥር ነው። ከኩባንያው የመጣው ፋይበር በሰፈሩ ውስጥ ኖድ በሚሉት ሳጥን ላይ ያበቃል፤ ከዚያ የሚነሣው ኮአክሲያል በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችን ሊያገለግል ይችላል። ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ በሚውልበት ሰዓት ይህ ማንንም አይጎዳም፤ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቶ ፊልም በሚከፍትበት ምሽት ላይ ግን እያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል። በዲ.ኤስ.ኤልም ቢሆን ከመንገድ ዳሩ ሳጥን ወዲያ ያለው መስመር የጋራ መሆኑን አልክድም፣ ኩባንያው ከሰሰተ እዚያም መጨናነቅ ይመጣል፤ ከሳጥኑ እስከ ቤቴ ያለውን ግን የሚሻማኝ የለም።

ይህን በወሬ ብቻ አልተቀበልሁትም። ከታች የሚኖረው ጎረቤቴ ኬብል ስላለው፣ ላፕቶፔን በኔትወርክ ገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኝቼ ጧትና ማታ እንድለካ ፈቀደልኝ። ጧት በሰከንድ 240 ሜጋ ቢት ይቀበልና 20 ይልክ የነበረው መስመር፣ ማታ መቀበያው ከ90 በታች፣ መላኪያው ደግሞ እየዋዠቀ ወደ 4 ወረደ፤ የመልስ መዘግየቱም ከ15 ሚሊ ሰከንድ ተነሥቶ ከ200 በላይ የሚዘልበት ጊዜ ነበር። ጋሼ፣ እርስዎ ምናልባት «90ስ ቢሆን ምን ያንሳል?» ይሉ ይሆናል፤ እውነትዎን ነው፣ ጥራት ላለው ፊልም 5 ሜጋ ቢት ይበቃል፣ ፎር ኬ ለሚሉት እጅግ ለጠራው ምስል እንኳ ከ15 እስከ 25 ቢኖር ይበቃል። እኔን ያሳሰበኝ መቀበያው አይደለም።

ያሳሰበኝ መላኪያው ነው፤ ሁላችንም የምንረሳውም እርሱን ነው። እሑድ እሑድ ስንደዋወል የእናታችን ፊት ወደ እኔ የሚመጣው በእኔ መቀበያ በኩል ሲሆን፣ የእኔ ፊት ወደ እርሷ የሚሄደው ግን በእኔ መላኪያ በኩል ነው። ባለፈው ቤቴ እኔ እናንተን አጥርቼ እያየሁ እናንተ «ምስልህ ቆመ» ትሉኝ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። የቪዲዮ ጥሪ ብዙ አይፈልግም፤ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ሜጋ ቢት ካገኘ ያምራል፤ የሚፈልገው ግን የማይዋዥቅና የማይዘገይ 4 ነው። ፊልም አስቀድሞ እያጠራቀመ ስለሚያሳይ ለትንሽ መቆራረጥ አይበገርም፤ ጥሪ ግን ያልተነገረ ቃል ሊያጠራቅም አይችልም።

የኬብል መላኪያ ደግሞ ከመሠረቱ ጠባብ ነው። ሥርዓቱ ሲዘረጋ ወደ ቤት የሚገባ እንጂ ከቤት የሚወጣ ብዙ ነገር ስላልታሰበ፣ ለመላኪያ ሲያገለግል የኖረው በአሜሪካ ከ5 እስከ 42፣ በአውሮፓ ከ5 እስከ 65 ሜጋ ኸርዝ ያለው ስፍራ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 1000 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ያለው ለመቀበያ ተሰጥቷል። አዲሶቹ ደንቦች መላኪያውን ለማስፋት ቢፈቅዱም፣ ማጉያውና ማጣሪያው በየመንገዱ ካልተለወጠ ፈቃዱ ብቻውን ምንም አያመጣም። በዚያ ላይ ይህ ጠባብ ስፍራ ጫጫታ የሚጠራቀምበት ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ በደንብ ያልጠበቀ ማያያዣ ከአካባቢው የሬዲዮ ሞገድ እየለቀመ ወደ ኖዱ ስለሚልክ፣ የአንዱ ቤት ግዴለሽነት የሰፈሩን ሁሉ መላኪያ ይበክላል። ጎረቤቴ ቴሌቪዥን ጀርባ ያለው ማያያዣ ራሱ በሁለት ጣት የሚዞር ነበር፤ አጥብቄለት ወጣሁ። ኩባንያው ነገ ኖዱን ለሁለት ቢከፍለው ሁኔታው ሊሻሻል እንደሚችል አውቃለሁ፤ እኔ ግን መስመር የማስገባው ለዛሬ ነው።

የእኔን መስመር ሊያስገባ የመጣው ባለሙያ መጀመሪያ ሞደሙን ሲሰካው መቀበያው ከ60 ሜጋ ቢት አላለፈም። እርሱም ሳይገረም ሶኬቱን ፈታና፣ ከዋናው መስመር ላይ ተቀጥሎ ወደ መኝታ ክፍሉ የሚሄድ፣ መጨረሻው ላይ ምንም ያልተሰካበት አሮጌ የስልክ ሽቦ አሳየኝ። ሞገዱ ወደዚያ ቅጥያ ይገባና ጫፉ ላይ ነጥሮ ተመልሶ ዋናውን ያውካል። በጉጠት ቆረጠው፤ ሞደሙ እንደገና ሲገናኝ መቀበያው 88፣ መላኪያው 31 ሆኖ ቆመ፣ ማታም ከዚያ ፈቅ አላለም። በቤትም ሆነ በሌላ ስፍራ ዲ.ኤስ.ኤል ቀርፋፋ ሆኖብኛል የሚል ሰው ካገኙ፣ ኩባንያውን ከመራገሙ በፊት የቤቱን ውስጥ ሽቦ እንዲፈትሽ ይምከሩት። ልዩነቱን በሥራ ለማየት ያህል፣ 1 ጊጋ ባይት የሚሆን የልጆች ቪዲዮ በዚህ መላኪያ 4 ደቂቃ ተኩል ያህል ሲፈጅ፣ ማታ ማታ ወደ 4 በሚወርደው በጎረቤቴ መላኪያ ግማሽ ሰዓት ያልፋል።

ስለ ውሉ ብዙ አልጽፍም። ሁለቱም ኩባንያዎች ለመጀመሪያው ጊዜ ዋጋ ቀንሰው በኋላ ይጨምራሉ፤ እኔ የጠየቅሁት ከጭማሪው በኋላ ያለውን ዋጋ፣ ውሉ የሚያስረውን ዘመን፣ የዳታ ገደብ መኖር አለመኖሩን፣ ሞደሙን ገዝቼ ማምጣት እችል እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝቅተኛውን ፍጥነት በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ እንደሆነ ነው። አንደኛው ሻጭ ለመጨረሻው ጥያቄ ከፍተኛውን ቁጥር ደጋግሞ ከማንበብ በቀር መልስ አልነበረውም፤ የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትዎትም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ዋይፋዩ ነው፤ ከሽቦው ይልቅ ብዙ ጊዜ ጥሪ የሚያበላሸው እርሱ ስለሆነ፣ እሑድ የምደውለው ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ ነው። ራውተሩ ላይም የመላኪያውን ጣሪያ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጌ 28 ላይ ወስኜዋለሁ፤ ይህን ያደረግሁት ስልኬ ፎቶ መጫን ሲጀምር ሞደሙ ውስጥ ወረፋ ተጠራቅሞ ጥሪያችንን እንዳያዘገይ ነው። እርስዎም እሑድ ምስሉ ከቆመ አንድ ነገር ያስተውሉልኝ፦ እኔ ቆሜባችሁ እናንተ ለእኔ የምትታዩኝ ከሆነ ችግሩ ከእኔ መላኪያ ወይም ከእናንተ መቀበያ ነው፤ የተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሰዓቱንም ይጻፉልኝ፣ እኔም በበኩሌ የሞደሙን መዝገብ አገላብጬ አመሳክረዋለሁ።

ለእናታችንና ለልጆቹ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ ታናሽ ወንድምዎ